እርሳስ ወይስ ዳይቨር? የኤሪ ሐይቅ ክርክራችን

በእኛ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ ሁለት ወገን አለ። ክርክሩ ማጥመጃውን ወደ ጥልቁ ውሃ በምን እናውርደው ነው፤ በእርሳስ፣ ማለትም ክሩ ላይ በሚንጠለጠል የእርሳስ ክብደት፣ ወይስ በዳይቨር፣ ማለትም ሲጎተት ራሱ ወደ ታች በሚጠልቅ ዕቃ? ጋሼ የእርሳስ ሰው ናቸው። ዓሣ ጠፋ? "እርሳስ ጨምር!" ዓሣ ነክሶ አመለጠ? "እርሳስ ጨምር!" እኔ ደግሞ ከሰኔ በኋላ ለዳይቨር አደላለሁ። ጀልባዋ የእሳቸው ስለሆነች ክርክሩን አብዛኛውን ጊዜ የሚረቱት እሳቸው ናቸው። ብሎጉ ግን የእኔ ነው፤ ዛሬ እኔ ልናገር።

ለማታውቁን፣ የምንኖረው ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው። ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ነድተን ኤሪ ሐይቅ እንደርሳለን። የምንፈልገው ዋልአይ የሚባለውን ዓሣ ነው። ሥጋው ነጭና ጠንከር ያለ ነው፣ ሽታ አይበዛበትም፣ ፊሌቶ ለማውጣትም አያስቸግርም። ለጥብስም ለጉላሽም ይሆናል። የምናጠምደው በትሮሊንግ ነው። ጀልባዋ ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ ሉሩ፣ ማለትም ዓሣ መሳዩ ማጥመጃ፣ ከኋላዋ በክር ይጎተታል።

መንጠቆ ላይ ትል ሰክቶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለመደ ሰው መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ሉር ጥሎ መጎተት ምን ያቅታል? መጎተቱስ አያቅትም። የሚያቅተው ሉሩ ዓሣው ያለበት ጥልቀት ላይ እንዲደርስና እዚያው እንዲቆይ ማድረጉ ነው። ብዙዎቹ ሉሮች ዝም ብለው ከተጎተቱ ከላይ ከላይ ነው የሚሄዱት። ስለዚህ የሚያወርዳቸው ነገር ያስፈልጋል፤ ወይ ክብደት፣ ወይ ጠላቂ ዕቃ።

እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ጣና ሲያዩት ባሕር ይመስላል እንጂ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። አጎቴ መረብ ሲጥል ስለ ጥልቀት ሲጨነቅ አይቼ አላውቅም። የእሱ ጭንቀት ነፋሱና ጉማሬው ነበር። ኤሪም ቢሆን ከአምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ጥልቀቱ አነስተኛው ነው። ግን ከጫፍ ጫፍ አንድ ዓይነት አይደለም። የምዕራቡ ክፍል በአማካይ 7 ሜትር ገደማ ነው፤ የጣና ሰው እዚያ ባዳ አይሆንም። መካከለኛው ክፍል በአማካይ 18 ሜትር ይሆናል። ምሥራቁ ጋ እስከ 64 ሜትር ይወርዳል።

ዋልአይ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። በሚያዝያ አካባቢ በምዕራቡ ጫፍ፣ ድንጋያማ ሪፎቹ ላይና እንደ ሞሚ ባሉ ወንዞች ውስጥ ይራባል። ውሃው ሲሞቅ ብዙው፣ በተለይ ትልልቁ፣ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። እኛም እንከተለዋለን። በግንቦት ጀልባዋን የምናወርደው ፖርት ክሊንተን ነው፣ በነሐሴ ክሊቭላንድ አካባቢ። ዓሣው ሲሄድ ጥልቀቱ ይለወጣል፤ ጥልቀቱ ሲለወጥ በግንቦት የሠራው ዕቃ በነሐሴ አይሠራም። የእኔና የጋሼ ጭቅጭቅም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ እርሳሱ። እርሳስ የሚወርደው በክብደቱ ብቻ ነው። ውሃው በበኩሉ ክሩንና ሉሩን ወደ ኋላ እየገፋ ወደ ላይ ያነሳል። ጀልባዋ ስትፈጥን ግፊቱ ይበረታል፣ እርሳሱ ከፍ ይላል። ስትዘገይ ይሰምጣል። ስለዚህ "ሁለት አውንስ ስንት ጫማ ይወርዳል?" ብሎ ነገር የለም። በሰዓት ስንት ማይል እየሄድን? ስንት ጫማ ክር ለቀን? ክሩስ ቀጭን ብሬድ፣ ማለትም የተጎነጎነ ክር፣ ነው ወይስ ወፍራም ናይለን? ሦስቱም ካልታወቁ ቁጥሩ ባዶ ነው። ቀጭን ክር ውሃውን በቀላሉ ይቆርጣል፤ በዚያው እርሳስ ከወፍራሙ ጠለቅ ብሎ ይሄዳል። ደግሞ እርሳሱን እጥፍ ማድረግ ጥልቀቱን እጥፍ አያደርግም። ጋሼ ይህን አልዋጥ ብሏቸዋል።

ዳይቨር ሌላ ነገር ነው። አዘንብሎ የሚጎተት ፕላስቲክ ነው። ነፋስ ካይትን ወደ ላይ እንደሚያወጣው ሁሉ ውሃው ዳይቨሩን ገፍቶ ወደ ታች ያስገባዋል። ኃይሉን የሚያገኘው ከእንቅስቃሴው ነው፤ ጀልባዋ ካልሄደች አይጠልቅም። አንዴ ሥራውን ከጀመረ ግን በፍጥነት ትንሽ መጨመርና መቀነስ ጥልቀቱ ያን ያህል አይናወጥም። እዚያ ላይ ወሳኙ የተለቀቀው ክር ርዝመት ነው።

ይህን ከያዛችሁ ግማሹ ምርጫ አለቀ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ክብደቱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። በግንቦት ውሃው ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ዓሣውም ይሰንፋል። ትል የሚሰካበትን፣ ከፊቱ የምትሽከረከር ቅጠል ያለችበትን ሉር እንጎትታለን። ፍጥነቱ በሰዓት ከ1 እስከ 1.5 ማይል ነው። በዚህ ዝግታ ብዙ ዳይቨር ዳተኛ ይሆናል። እርሳስ ግን ደስ ብሎት ይወርዳል። ስለዚህ በግንቦት ከጋሼ ጋር ሰላም ነን። በሐምሌ ውሃው ሞቆ ዓሣው ሲነቃ ስፑን የሚባለውን ማንኪያ መሳይ የብረት ሉር እንጎትታለን፤ ፍጥነቱም ከ2 ማይል ያልፋል። ያኔ እርሳሱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ጋሼ ይጨምራሉ፣ ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ይጨምራሉ። ዘንጉ እስኪጎብጥ ድረስ ባዶ ክብደት እንጎትታለን።

ስለ እርሳሱ አጠቃቀም ጥቂት ልበል፤ ስትጀምሩ እጃችሁ ላይ የሚገባው እሱ ነውና። እኛ የምንጠቀመው ክሩን ቆንጥጦ በሚይዝ ክሊፕ የሚንጠለጠለውን ነው፤ ስናፕ ዌይት ይባላል። የታወቀው አሠራር 50/50 ነው። ሉሩን 50 ጫማ ትለቃላችሁ። ክሩ ላይ እርሳሱን ትቆነጥጣላችሁ። ሌላ 50 ጫማ ትለቃላችሁ። በዚህ መንገድ እርሳሱ ከሉሩ ራቅ ስለሚል ዓሣውን አያስደነግጠውም፤ ሉሩም እንደ ልቡ ይዋኛል። ዓሣ ሲያዝ አንድ ሰው ሪሉን፣ ማለትም ዘንጉ ላይ ያለውን የክር መጠቅለያ፣ እየጠቀለለ ሌላው እርሳሱ ዘንጉ ጫፍ ሲደርስ ይነቅለዋል። ለብቻው የሚያጠምድ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። እኛ ሁልጊዜ ሦስት አራት ሆነን ነው የምንወጣው። መንቀል የጋሼ ሥራ ነው፣ ማንም አይቀማቸውም።

ሌላው ጥሩ ነገር፣ እርሳስ ከፕሌነር ቦርድ ጋር ይስማማል። ቦርዱ ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ክሩን ከጀልባዋ ወደ ጎን አርቆ ይወስዳል። ጥልቀት በሌለው የምዕራቡ ውሃ ላይ ዓሣው ከሞተሩ ድምፅ ስለሚሸሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እርሳስ የሚሰጣችሁ አንድ ነፃ መረጃም አለ። ጀልባዋ ስትታጠፍ በማጠፊያው ውስጥ በኩል ያሉት ሉሮች ፍጥነታቸው ይቀንሳል፣ ይሰምጣሉ። በውጭ በኩል ያሉት ይፈጥናሉ፣ ይነሳሉ። በውስጥ በኩል ያለው ዘንግ ደጋግሞ ከተነከሰ ዓሣው ወይ ዝቅ ያለ ወይ ዝግ ያለ ነገር ይፈልጋል ማለት ነው። በውጭ በኩል ከሆነ ተቃራኒው። ለዚህ ብዬ ሆን ብዬ ኤስ እየሠራሁ እነዳለሁ። ጋሼ "ልጄ፣ ቀጥ አድርገህ ንዳ እንጂ፣ ሰክረሃል እንዴ?" ይሉኛል።

ወደ ዳይቨሮቹ። እዚህ አገር በብዛት የምታዩት ሁለት ዓይነት ነው፤ ጄት ዳይቨርና ዲፕሲ ዳይቨር። ጄት ቀላሉ ነው። ላዩ ላይ 10፣ 20፣ 30፣ 40 ተብሎ ተጽፏል፤ በግምት የሚወርድበት ጫማ ነው። ትልቁ ጥቅሙ መንሳፈፉ ነው። ሞተሩ ቢጠፋ፣ ወይም ዓሣ ለማውጣት ብትቆሙ፣ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ መሬት ላይ ሄዶ አይጣበቅም። ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ።

ዲፕሲ ክብ ነው፣ ውስጡም ክብደት አለው፤ ስትቆሙ ይሰምጣል። የእሱ ጥበብ ከሥሩ ያለችው የምትዞር ሳህን ናት። 0 ላይ ስታደርጓት በቀጥታ ወደ ታች፣ በጣም ጠልቆ ይሄዳል። ወደ 3 ስታዞሯት ወደ ጎን ይወጣል፤ ግን ጥልቀቱ ይቀንሳል። ግራና ቀኝ የተለያየ ስለሆነ በግራ በኩል ያለው ዘንግ የግራውን፣ በቀኝ ያለው የቀኙን መያዝ አለበት። ይህ ከተቀያየረ ሁለቱ ከጀልባዋ ሥር ይገናኙና ከሰዓት በኋላችሁን ክር ስትፈቱ ታሳልፋላችሁ። እኛ በአንድ ጎን ሁለት እናስገባለን፤ ወደ ጀልባዋ ቀረብ ያለውን 1 ላይ፣ የውጩን 3 ላይ። ትልቁን ዲፕሲ ከተጠቀማችሁ ለመነሻ ያህል 1 ላይ ያለው ከተለቀቀው ክር ግማሽ ለማይሞላ ጥልቀት፣ 3 ላይ ያለው ሲሶ ለሚሆን ጥልቀት ይደርሳል ብላችሁ ያዙ። ትንሹ ከዚያ ያነሰ ነው የሚወርደው። የውስጡ ዝቅ፣ የውጩ ከፍ ብለው ስለሚሄዱ አይጠላለፉም።

ዲፕሲ ላይ የምታጠብቋት ብሎን አለች። ዓሣ ሲነክስ ዳይቨሩ ተላቆ ጠፍጣፋ እንዲሆን የምታደርገው እሷ ናት፤ ካልተላቀቀ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ውሃውንም ነው የምትጎትቱት። በጣም ካላላችኋት በራሱ ጊዜ ይላቀቃል። በጣም ካጠበቃችኋት ደግሞ ትንሽ ዋልአይ ተይዞ ማንም ሳያውቅ ብዙ መንገድ ይጎተታል። ዘንጉን ጠበቅ አድርጋችሁ ነቅ ስታደርጉት የሚላቀቅ ከሆነ ልክ ነው። ብሬድ ክር አይሳሳብም፤ ስለዚህ በዳይቨሩና በሉሩ መካከል ስናበር የምትባለውን ላስቲክ ብታስገቡ የዓሣው አፍ አይቀደድም። ዘንጉም ወፈር ያለ ይሁን። የዲፕሲ ጉልበት ቀልድ አይደለም።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር፤ "እርሳስ ጨምር" የሚለው ምክር በነሐሴ ለምን እንደማይሠራ።

በነሐሴ የኤሪ መካከለኛ ክፍል ሁለት ውሃ ይሆናል። ላዩ ሞቃት፣ ታቹ ቀዝቃዛ። ሁለቱ የሚገናኙበት፣ ሙቀቱ በድንገት የሚወርድበት መስመር ቴርሞክላይን ይባላል። ሞቃቱ ውሃ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይቀመጣል፣ ከቀዝቃዛው ጋር አይደባለቅም። ስለዚህ ታችኛው ውሃ ከአየር ጋር አይገናኝም። በዚያ ላይ የሞተው አልጌ ወደ ታች ወርዶ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ኤሪ ጥልቅ ስላልሆነ ያ ታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ ስስ ነው፤ ያለችው ኦክስጅን ቶሎ ታልቃለች። በሰመር መጨረሻ በመካከለኛው ክፍል ታችኛው ውሃ ዓሣ የማይኖርበት የሚሆነው ለዚህ ነው። ከእርሻ መሬት ታጥቦ የሚገባው ፎስፈረስ አልጌውን ስለሚያበዛው ነገሩን ያባብሰዋል።

እንግዲህ አስቡት። ከጀልባዋ ሥር 70 ጫማ ውሃ አለ። ዋልአዩ ከቴርሞክላይኑ በላይ፣ አንዳንዴ 40 አንዳንዴ 50 ጫማ ላይ ቆሟል። ጋሼ ይጨምራሉ። ሉሩ ይወርዳል፣ ዓሣውን ያልፋል፣ ምንም ነፍስ የሌለበት ውሃ ውስጥ ይገባል። እዚያ ስትጎትቱ ብትውሉ ማን ይነክሳል? መስመሩን አብዛኛውን ጊዜ በሶናሩ፣ ማለትም ከጀልባዋ ሥር ያለውን በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው መሣሪያ፣ ማየት ይቻላል፤ ስክሪኑ ላይ ደብዘዝ ያለ ቀበቶ ሆኖ ይታያል። ካልታየ የሶናሩን ሴንሲቲቪቲ (ደካማ ምልክት የመያዝ አቅሙን) ጨመር አድርጉት። የዓሣው ምልክት ከእሱ በላይ ተሰልፎ ታዩታላችሁ።

ዋልአይ ደግሞ ወደ ላይ እያየ ነው የሚያድነው። ከእሱ ከፍ ብሎ ለሚያልፍ ሉር ይነሳል፤ ከሥሩ ለሚያልፍ እምብዛም አይወርድም። ስለዚህ 45 ጫማ ላይ ካየሁት እኔ ለ38 ወይም ለ40 ነው የማዘጋጀው። በሁለት በኩል ስሕተት ቢኖር ከላይ መሳሳት ይሻላል። ዳይቨር የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ሐይቁ ማዕበል ይዞ ጀልባዋ ስትፈጥንና ስትዘገይ እንኳ ሉሩ ያልኩት ቦታ አካባቢ ይቆይልኛል። እርሳሱ ግን በየማዕበሉ ይወጣል፣ ይወርዳል።

የሰንጠረዥ ነገር። ኢንተርኔት ላይና ስልክ ላይ የጥልቀት ሰንጠረዥ ሞልቷል። ለመነሻ ጥሩ ነው። ግን የእናንተን ክር፣ የእናንተን ሉር አያውቅም። ይልቅ እንዲህ አድርጉ። ሜዳ የሆነ፣ ጥልቀቱ የታወቀ ቦታ ፈልጉ፤ ምዕራቡ ላይ እንዲህ ያለ ሞልቷል። ፍጥነቱን አንድ ቦታ ላይ ያዙ። እርሳሱ መሬት እስኪነካ ድረስ ክር በጥቂት በጥቂቱ ልቀቁ፤ ሲነካ ዘንጉ ጫፍ ይንቀጠቀጣል። ያቺን ቁጥር ጻፉ። ክብደቱን ቀይሩ፣ ድገሙት። እኔ ደብተር አለኝ፤ ገጹ የዓሣ ደም ነክቶታል፣ ግን ከማንኛውም አፕ የበለጠ አምነዋለሁ። ለዚህ የግድ የሚያስፈልገው ክር የሚቆጥር ሪል ነው። ሳይቆጥሩ መልቀቅ ዓሣ ሲያዝ ያስደስታል፤ ያንኑ ለመድገም ሲፈለግ ግን ስንት ጫማ እንደነበር የሚያስታውስ የለም።

ስለ ሌሎቹ ዕቃዎች ብዙ አልልም። ሌድኮር ውስጡ እርሳስ ያለበት ክር ነው። በየ10 ያርዱ ቀለሙ ስለሚለያይ ሰው በቀለም ነው የሚቆጥረው፤ አንድ ቀለም 5 ጫማ ገደማ ይወርዳል ይባላል። እሱም ቢሆን በፍጥነት ይለዋወጣል። ጥሩ ነው፤ ግን ለብቻው ትልቅ ሪል ይፈልጋል። ዳውንሪገር ደግሞ ከባድ የእርሳስ ኳስ በሽቦ የሚያወርድ ማሽን ነው። ቺካጎ ያለው የአክስቴ ልጅ ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ሳልሞን ለማጥመድ ያለ እሱ አይወጣም። ልክ ነው፤ የእሱ ሐይቅ እስከ 281 ሜትር ይወርዳል፣ ሳልሞኑም አንዳንዴ 100 ጫማ ላይ ነው። (ሳልሞኑ እዚያ አገሩ አልነበረም። የሚሺጋን ግዛት ከ1966 ጀምሮ የጨመረው ነው፤ ሐይቁን የሞላውን ኤልዋይፍ የሚባል ትንሽ ዓሣ እንዲበላ ተብሎም ጭምር።) ለእኛ 40 ጫማ ግን ያን ያህል ብረት ጀልባ ላይ መግጠም ለእኔ ትርፍ ወጪ ነው።

ነሐሴን ያነሳሁት በአየሩ ምክንያት ብቻ አይደለም። ፍልሰታም በዚያው ነው የሚውለው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለአባቶች ትቼዋለሁ፤ ሁለቱም ወገን በየቤታችን አለ። የሚበሉት ግን በዚያ ሁለት ሳምንት ስልኬን አያሳርፉትም። በኦሃዮ በኩል ለአንድ ሰው በቀን የሚፈቀደው 6 ዋልአይ ነው። አራት ሆነን ሞልተን ከተመለስን ለብዙ ቤት ይተርፋል።

ከምግቡ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር አለ፤ ይህን ከጋሼም ጋር ተስማምተንበታል። እርሳስ መርዝ ነው። ቀኑን ሙሉ ስትነካኩት ውላችሁ፣ በዚያው እጃችሁ ጀልባዋ ላይ ፍርፍር እንዳትጎርሱ። እኛ በእጅ የምንበላ ሰዎች ነን፤ ፈረንጁ ሳንድዊቹን በወረቀት ይዞ ይበላ ይሆናል፣ እኛ ግን እናቦካዋለን። አንድ ጄሪካን ውሃና ሳሙና ሁልጊዜ ጀልባዋ ላይ ይኑር። እርሳስ ቤት ውስጥ አቅልጦ ማፍሰስም አለ፤ እባካችሁ ልጆች ባሉበት ቤት አይሞከር። ሉን የሚባለው የውሃ ወፍም ትንንሾቹን የእርሳስ ክብደቶች ውጦ ይሞታል። እንደ ኒው ሃምፕሻየርና ቨርሞንት ያሉ ግዛቶች በሕግ የከለከሏቸው ለዚህ ነው። ተንግስተን ጥሩ ምትክ ነው፤ ከእርሳስ ይከብዳል፣ ስለዚህ በትንሽ መጠን ያንኑ ሥራ ይሠራል። ዋጋው ግን ያስደነግጣል።

በቅርቡ የሚጀምር ሰው ምን ልግዛ ቢለኝ፣ ይህን እለዋለሁ። ክር የሚቆጥሩ ሁለት ሪሎች፣ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ብሬድ። አንድ አውንስና ሁለት አውንስ ስናፕ ዌይት፣ ከየዓይነቱ ጥቂት። 20 እና 40 ቁጥር ጄት ዳይቨር፣ ሁለት ሁለት። በግንቦት እርሳሱን፣ ከሰኔ መጨረሻ በኋላ ጄቱን። ዲፕሲውን ለሚቀጥለው ዓመት አቆዩት፤ እሱ ሲመጣ ወፍራም ዘንግም አብሮ ይገዛል። ወጪው ብዙ ከመሰላችሁ ከሉሩ ቀንሱ፤ ሱቅ ገብቶ በቀለሙ ተማርኮ ሃያ ስፑን የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ሦስት አራት ይበቃል።